ጮማ ሳይበሉ ስለሚይዝ የጉበት ስብ

ብዙዎቻችን «ፋቲ ሊቨር» እያልን የምንጠራው የጉበት ስብ፣ ሥጋና ቅቤ የሚያዘወትሩ ሰዎች ሕመም ብቻ ተደርጎ መታየቱ ያሳስበኛል። ደብረ ብርሃን ውስጥ አንድ የሠፈራችን አዛውንት የአልትራሳውንድ ውጤታቸውን አጣጥፈው እንደያዙ «ልጄ፣ እኔ ሥጋ የምቀምሰው ለዓመት በዓል ነው፤ ጾሙንም አላጓደልኩም፤ ይህ ስብ ከየት መጣብኝ?» ብለው ጠየቁኝ። «ጋሼ፣ ከጮማ ይልቅ ሰውነትዎ ውስጥ የሚተላለፈው ትእዛዝ ስለተዛባ ነው» አልኳቸው። መልሱ በቁም የሚያልቅ ስላልነበረ ዘርዘር አድርጌ ልጽፈው ወደድኩ።

እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ አንድ ጥናት፣ ሕመሙ ባለባቸው ጥቂት ሰዎች ጉበት ውስጥ የተከማቸው ስብ ከየት እንደመጣ ተከታትሎ ነበር። 59 በመቶ ያህሉ ከሰውነት የስብ ሕዋሳት ተለቅቆ በደም የመጣ፣ 26 በመቶ ያህሉ ደግሞ ጉበቱ ራሱ በአብዛኛው ከስኳርና ከስታርች የሠራው ሲሆን፣ በቀጥታ ከምግብ ቅባት የመጣው 15 በመቶ ገደማ ብቻ ነበር። እንግዲህ መጠየቅ ያለበት የስብ ሕዋሱ ያጠራቀመውን ለምን ይለቃል፣ ጉበቱስ ለምን አዲስ ስብ ይሠራል የሚለው ነው።

ሁለቱንም በዋናነት የሚያዘው ከቆሽት የሚመነጨው ኢንሱሊን የተባለው ሆርሞን ነው። ኢንሱሊን በሕዋሱ ሽፋን ላይ ካለው ተቀባይ ጋር ሲጣበቅ፣ በውስጥ ያሉ ፕሮቲኖች ተራ በተራ እየተቀሰቀሱ መልእክቱን ኤኬቲ እስከሚባለው ፕሮቲን ያደርሱታል። መልእክቱ ስብ ሕዋስ ውስጥ ሲደርስ የተጠራቀመው ስብ እንዳይለቀቅ ይከለክላል። ጉበት ውስጥ ግን ሁለት መንገድ ይይዛል፦ በአንደኛው ፎክሶ1 የተባለውን ፕሮቲን ጂኖቹ ካሉበት ከሕዋሱ ማዕከል (ኒውክሊየስ) አስወጥቶ ስኳር የሚያመርቱትን ጂኖች ያዘገያል፤ በሌላው ስሬብፕ-1ሲ የተባለውን አንቅቶ ስብ የሚሠሩትን ጂኖች ያነሣሣል።

ኢንሱሊን መደመጥ ሲያቅተው ሁለቱም መንገዶች አብረው የሚዘጉ ይመስላል። የሚሆነው ግን ሌላ ነው። የኖቤል ተሸላሚዎቹ ማይክል ብራውንና ጆሴፍ ጎልድስታይን እ.ኤ.አ. በ2008 እንዳስረዱት፣ የስኳሩ መንገድ ሲደነቁር የስቡ መንገድ መስማቱን ይቀጥላል። ጉበቱ ስኳር ማምረቱን ስለማያቆም የደም ስኳር ይጨምራል፤ ቆሽት ይህን ለመግታት ኢንሱሊን ያበዛል፤ የበዛው ኢንሱሊን ደግሞ አሁንም በሚሰማው መንገድ በኩል ስብ ያሠራል። በተፈጥሮ የኢንሱሊን ተቀባያቸው ራሱ የተበላሸባቸው ጥቂት ሰዎች ደማቸው ውስጥ ኢንሱሊን እጅግ ቢበዛም ጉበታቸው ስብ አይይዝም፤ በእነርሱ ዘንድ ሁለቱም መንገዶች ከመነሻቸው ተዘግተዋልና። ለእኔ ከማስረጃዎቹ ሁሉ አሳማኙ ይህ ነው።

የስብ ሕዋሱን ድርሻ ለመረዳት በግ ማየት ይጠቅማል። የመንዝ በግ ትርፍ ስቡን የሚያስቀምጠው ላቱ ላይ ነው፤ እንስሳው ጤነኛ እስከሆነ ድረስ ጉበቱ ጠቆር ያለ ቀይ ሆኖ፣ ጠርዙ ስል ሆኖ ይወጣል። ነገር ግን መንታ ያረገዘች በግ በመውለጃዋ ዋዜማ መኖ ሲያጥራት፣ የሚያስፈልጋት ስኳር ይጎድላል፣ ኢንሱሊኗ ይወርዳል፣ በዚህም ምክንያት ያጠራቀመችው ስብ በብዛት ወደ ደም ይለቀቃል። ጉበቷ ከሚያቃጥለው በላይ ስለሚጎርፍበት ቢጫ ይሆናል፣ ያብጣል፣ ሲቆረጥ ቢላው ላይ ቅባት ይተዋል። ከሲታ ሆና ጉበቷ በስብ ይሞላል ማለት ነው። ሰው ላይ መነሻው ይለያል፤ ኢንሱሊኑ ሞልቶ ሳለ የስብ ሕዋሱ «አትልቀቅ» የሚለውን ትእዛዝ በሚገባ አይሰማም። የጎርፉ አቅጣጫ ግን ያው ወደ ጉበት ነው።

ስለ ጾሙም አንድ ነገር ማለት አለብኝ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይበሉ መቆየት ኢንሱሊንን ዝቅ፣ የእርሱ ተቃራኒ የሆነውን ግሉካጎን የተባለ ሆርሞን ከፍ ያደርጋል፤ ጉበት ውስጥም ማሎኒል-ኮኤ የተባለው ንጥረ ነገር ስለሚቀንስ፣ የስብ አሲዶች ወደሚቃጠሉበት ወደ ማይቶኮንድሪያ የሚገቡበት በር ይከፈታል። ይህ መልካም ነው። ያን ሁሉ የሚያበላሸው ከዚያ በኋላ የሚመጣው ስኳር የበዛበት ሻይ፣ ለስላሳ፣ በዘይት የተጠበሰው ነገርና፣ ለሚጠጣ ሰው፣ አረቄው ነው። በተለይ ለስላሳ ውስጥ ያለው ፍሩክቶስ በአብዛኛው ጉበት ላይ የሚያርፍና የስብ ሥራውን በቀጥታ የሚያነሣሣ በመሆኑ፣ ከሁሉ አስቀድሜ እንዲተው የምመክረው እርሱን ነው።

መድኃኒትን በተመለከተ፣ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2024 የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ሬስሜቲሮም የተባለውን የመጀመሪያ መድኃኒት ለዚህ ሕመም ፈቅዷል፤ ጉበት ውስጥ ባለ የታይሮይድ ሆርሞን ተቀባይ በኩል ስብ እንዲቃጠል የሚያደርግ ነው። የተፈቀደው ግን ከመካከለኛ እስከ ከፍተኛ ጠባሳ ላለበት ጉበት እንጂ ለማንኛውም ስብ አይደለም። ከመጠን በላይ ክብደት ላለው ሰው ከክብደቱ 5 በመቶ መቀነስ የጉበት ስብን ያሳንሳል፤ ከ7 እስከ 10 በመቶ ሲደርስ ደግሞ ብግነቱም ሊበርድ ይችላል። እግር ጉዞ የሚጠቅመውም ካሎሪ ስለሚያቃጥል ብቻ አይደለም፤ የሚሠራ ጡንቻ ኢንሱሊን በማያስፈልገው ሌላ መልእክት ስኳርን ከደም ይወስዳል።

ለአዛውንቱ በመጨረሻ የነገርኳቸው፣ አልትራሳውንዱ ስቡን እንጂ ጠባሳውን በደንብ እንደማያሳይ ነው። ለዚህ ፊብ-4 የሚባል ስሌት አለ፤ የሚያስፈልገው ዕድሜ፣ ሁለቱ የጉበት ኢንዛይሞችና የፕላትሌት ቁጥር ብቻ ሲሆን፣ ከዕድሜ በቀር ሌሎቹ ከተለመደ የደም ምርመራ የሚገኙ ናቸው። በሚቀጥለው ቀጠሯቸው ሐኪማቸው እንዲያሰላላቸው ይጠይቁ ብዬ የስሌቱን ስም በወረቀት ጽፌ ሰጠኋቸው።