ስለት

የስለት ዕዳ አለብኝ።

ቃል የገባሁት ጧፍ ወይም ጃንጥላ ቢሆን ኖሮ ድሮ ከፍዬ እገላገለው ነበር። የኔ ግን ሌላ ነው። የደበቅኩትን ነገር በሰው ፊት እናገራለሁ ብዬ ነው የተሳልኩት። ከዚያ አንድ ዓመት ሙሉ ስሸሸው ቆየሁ። እናቴ የድሬዳዋ ሰው ናት፤ «ገብርኤል የቆየ ዕዳ አይወድም» ትላለች። እና ይኸው።

የምኖረው ጀርመን፣ አሻፈንቡርግ ነው። ከፍራንክፈርት በባቡር ከአንድ ሰዓት በታች የምትደረስ፣ ማይን ወንዝ ዳር ያለች ከተማ ናት። ታናሽ ወንድሜ ከኔ ጋር ይኖራል። በሱዳን አድርጎ፣ ሊቢያ ታስሮ፣ ባሕሩን ተሻግሮ ነው የመጣው። ሊቢያ ስላየው ነገር አያወራም። እኔም አልጠይቅም። ሲመጣ ሳቂታ ነበር። የድሬ ልጅ አይደል? «አቦ» ሳይል ወሬ አይጀምርም። በ2024 ብርዱ ሲገባ ግን ዝም አለ።

መጀመሪያ የሸሸው እንቅልፍ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ኮሪደሩ ላይ ይመላለሳል። ቀጥሎ መስኮቱን በብርድ ልብስ ሸፈነ። ስልኩን በአሉሚኒየም ፎይል ጠቀለለ። ከላይ የሚኖሩት ሽማግሌ ስለሱ እንደሚያወሩ ነገረኝ። «እኚያ ሰውዬ እኮ አማርኛ አይችሉም» አልኩት። «ለኔ ሲሆን ይችላሉ» አለኝ። ወጥ ሳቀርብለት «መጀመሪያ አንቺ ቅመሺው» ማለት ጀመረ።

አንድ ቀን አንሶላ ስቀይር ትራሱ ሥር የወጥ ቤት ቢላ አገኘሁ።

ምንም አላልኩም። በማግስቱ ቤት ውስጥ ያለውን ቢላ ሁሉ ለቃቅሜ በፎጣ ጠቀለልኩ። ወደ ኬለር ወረድኩ። ኬለር ማለት እዚህ አገር ተከራዩ ሁሉ ትርፍ ዕቃውን የሚያስቀምጥበት ምድር ቤት ነው። ከአሮጌ ሻንጣ ሥር ደበቅኩት። ከዚያ በኋላ ሽንኩርቱን ቅቤ በሚቀባበት ደነዝ ቢላ እየጨፈለቅኩ ነበር የምሠራው። ገና ደረሰ። ዶሮ ገዛሁ። አሥራ ሁለቱን ብልት በመቀስ አወጣሁ። በመቀስ! ዶሮ የምትገነጥል ሴት ይህን ስታነብ ምን እንደሚሰማት አውቃለሁ። መላላጫው እንደምንም እሺ ብሎኝ ነበር። ፈረሰኛው ላይ ስደርስ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ለማንም አልነገርኩም። ቤተ ክርስቲያን «ወንድምሽ የት ጠፋ?» ሲሉኝ፣ ሥራ በዝቶበት ነው እላለሁ። ለንስሐ አባቴ እንኳ አልተናገርኩም። ከአገር ቤት ጠበል አስመጥቼ ጠዋት ጠዋት በሩ ላይ ቆሜ እረጨው ነበር። ሐኪም ቤት እንሂድ ስለው በሩን ይዘጋብኛል። አንድ ቦታ ደውዬም ነበር፤ ቀጠሮ ከአራት ወር በኋላ ነው አሉኝ። ጸሎቴ ደግሞ አንድ ብቻ ነበር። «ይሄን መንፈስ አውጣልኝ።» ሐኪም የሚባል ነገር በጸሎቴ ውስጥ ቦታ አልነበረውም። ሐኪም ካለ ፋይል አለ፣ ፋይል ካለ ስም አለ፣ ስም ካለ ሰው ይሰማል።

ጃንዋሪ 22 ቀን 2025፣ ረቡዕ። በኛ ጥር 14፣ ጥምቀት ካለፈ ሦስተኛ ቀኑ። የምሠራው አረጋውያን መጦሪያ ነው፤ ያን ቀን የከሰዓት ፈረቃ ነበርኩ። የከሰዓት ስሆን እኩለ ቀን ሳይሞላ ወጥቼ በሾንታል መናፈሻ አቋርጣለሁ። መሃል ከተማ ያለ መናፈሻ ነው። ኩሬ አለው፣ የፈረሰ የጥንት ቤተ ክርስቲያን አለው፣ በፀደይ የሚያብቡ የማግኖሊያ ዛፎች አሉት። ያን ቀን ወንድሜ ክፍሉን ቆልፎ አልመልስልኝ አለ። በሩን ሳንኳኳ ሰዓቱ ሄደብኝ።

በዚያ ሰዓት፣ ከረፋዱ 5፡45 ገደማ፣ አንድ የ28 ዓመት አፍጋኒስታናዊ መናፈሻው ውስጥ በወጥ ቤት ቢላ ሕፃናት ላይ ወጣ። ከኪታ፣ ማለትም ከመዋለ ሕፃናት፣ ከአስተማሪዎቻቸው ጋር ነፋስ ሊቀበሉ የወጡ ጨቅላዎች ነበሩ። አንድ የሁለት ዓመት ወንድ ልጅ ገደለ፤ ቤተሰቡ ከሞሮኮ ነው። በዚያ ያልፍ የነበረ የ41 ዓመት ጀርመናዊ ልጆቹን ሊያድን ገባ። እሱም ሞተ። አንዲት የሁለት ዓመት ሶርያዊት ሕፃን፣ አንዲት አስተማሪና አንድ የ72 ዓመት አዛውንት ክፉኛ ቆስለው ተረፉ። ገዳዩ ሲሸሽ በደቂቃዎች ውስጥ ተያዘ።

ሳይረኑን ሰምቻለሁ። መንገዱ ተዘግቶ ስለነበር ዞሬ ሥራ ገባሁ። ዜናው ስልኬ ላይ ሲመጣ መጀመሪያ የጸለይኩት ምን መሰላችሁ? የልጁ እናት ትዝ አላለችኝም። «ገብርኤል ሆይ፣ ብቻ የኛ ሰው አይሁን» ነው ያልኩት።

ጀርመን ያለ ሐበሻ ይህን ጸሎት ያውቀዋል። ጁላይ 2019 ፍራንክፈርት ዋናው ባቡር ጣቢያ፣ 7ኛው መስመር ላይ፣ አንድ ሰው እናትና ልጅን በሚመጣ ባቡር ፊት ገፈተራቸው። እናትየው ተረፈች። የ8 ዓመቱ ልጅ ሞተ። ሰውየው ኤርትራዊ ነበር። ከ2006 ጀምሮ ስዊዘርላንድ የኖረ፣ የሦስት ልጆች አባት። በኋላ ፍርድ ቤቱ የአእምሮ ሕመምተኛ ነው ብሎ ወደ ሆስፒታል እንዲገባ ወሰነ። ያን ሰሞን ባቡር ስጠብቅ ግድግዳ ተደግፌ ነበር የምቆመው። ሰው ከኔ ፈቀቅ ሲል አያለሁ። ምን ይፈረድበታል፣ ሰውየው እኔን ይመስላል።

የረቡዑ ጸሎቴ ተሰማ። አፍጋኒስታናዊ ነው ተባለ። «ተመስገን» አልኩ። ሁለት ሰው ሞቶ፣ እኔ የመጦሪያው ሽንት ቤት ውስጥ ቆሜ፣ ተመስገን! ስለ ተመለሰ ጸሎት ምስክርነት ሲሰጥ ሁሌ ይህቺ ትዝ ትለኛለች።

ማታ ስልኬ አላርፍ አለ። «እንኳን አተረፈሽ! በዚያ አይደል የምታልፊው?» ፍቅር ነው፣ አውቃለሁ። ግን ያ የ41 ዓመት ሰውም መንገዱ ሆኖበት ነው በዚያ ያለፈው። እሱን በር ቆልፎ የሚያዘገይ ወንድም አልነበረውም። እኔን ጠበቀኝ ብዬ ብመሰክር፣ ያንን ሕፃንስ ማን ረሳው ልበል? ይህን ጥያቄ ይዤ አሁንም አስቀድሳለሁ። መልስ የለኝም። ስለዚህ ያን ቀን ስለመትረፌ ምንም አልመሰክርም።

ጉልበቴን የሰበረው ቀጥሎ የመጣው ወሬ ነው። ሰውየው ከዚያ በፊት ቢያንስ ሦስት ጊዜ በጠበኛነት ተይዞ ወደ አእምሮ ሕክምና ተወስዶ፣ ከዚያ ተለቅቋል ተባለ። አገሩ ስለ ሌላ ነገር ነበር የሚጮኸው። ምርጫ አንድ ወር ቀርቶታል። ሰውየው በደብሊን ሕግ፣ ማለትም የስደተኛን ጉዳይ አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የገባበት የአውሮፓ አገር ይይ በሚለው ሕግ፣ ወደ ቡልጋሪያ መመለስ ነበረበት፣ ለምን አልተመለሰም? ድንበሩ ይዘጋ፣ አይዘጋ። የማጥባቸው አንዲት አሮጊት እጄን ይዘው «አንቺንም ያባርሩሻል እንዴ?» አሉኝ። በዚያ ሳምንት የሳቅኩት ያኔ ብቻ ነው። እኔን ቢያባርሩ ማን ሊያጥባቸው! ወዲያው ግን ትራሱ ሥር ያገኘሁት ቢላ ፊቴ ድቅን ይልብኛል።

ኅሙስ ከሥራ በፊት ሾንታል ሄድኩ። አበባ፣ ሻማ፣ የጨርቅ ድብ ተከምሯል። ሰው ብዙ ነው፣ ድምፅ ግን የለም። እዚያ ነው የተሳልኩት። «የቁልቢው ገብርኤል፣ እናቴ በእግሯ የመጣችልህ። መንፈስ ይሁን በሽታ እኔ አላውቅም። ወንድሜን ሐኪም ፊት አስቀምጥልኝ። ማንንም ሳይነካ፣ ራሱንም ሳይነካ። የደበቅኩትን እናገራለሁ።» ስለት የሚቆርጠውም ነው፣ የሚሳሉትም ነው። ቃሉ አንድ መሆኑን ልብ ያልኩት እዚያ ሻማው ፊት ነው።

ማታ ለንስሐ አባቴ ደወልኩ። ሁሉንም ዘረገፍኩላቸው። ተቆጡኝ። «ልጄ፣ ጠበል ሐኪም ቤት አትሂዱ ይላል ያለሽ ማን ነው?» አሉኝ። ሲራክን ጠቀሱልኝ፤ ሐኪምን አክብረው፣ እሱንም የፈጠረው እግዚአብሔር ነው የሚለውን።

እሑድ በትልቁ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ለሟቾቹ ጸሎት ተደረገ። ማታ ወጥ ቤት ቆሜ ሳለ የወንድሜ በር ተከፈተ። ለቀናት ለምግብ ብቻ ነበር የሚወጣው።

«እትዬ።»

«ወዬ።»

«ቢላዎቹን የት ነው ያደረግሻቸው?»

ጉልበቴ ከዳኝ። በሩ ከጀርባው ነው። ስልኬ ሳሎን ነው። ውሸት እንኳ አልመጣልኝም።

«ኬለር» አልኩት።

ዝም አለ። ማሰሮው ሲንተከተክ ይሰማኛል።

«እዚያው ይቆዩ» አለኝ። «አቦ፣ እኔ ራሴ ብጠይቅሽም እንዳታመጪያቸው።»

ከዚያ ወለሉ ላይ ዘጭ አለ። ለካ አራት ቀን ሙሉ ዜናውን ሲያይ ነው የከረመው። «ያ ሰውዬም ሰው ያወራበት ነበር ይሆን?» አለኝ። አላውቅም አልኩት። «ነገ ሐኪም ቤት ብንሄድ ትመጣለህ?» «አንቺ ከጎኔ ካልጠፋሽ» አለ።

ተአምሬ ይሄው ነው። የጮኸ ጋኔን የለም፣ የወረደ ብርሃን የለም። የምመሰክረው ለዚያች ለአንዲት «እዚያው ይቆዩ» ነው። ስንት ወር ሙሉ ከኔ ጋር ያላወራ ልጅ እሷን ከየት አመጣት?

ሰኞ የአእምሮ ሕክምና ድንገተኛ ክፍል ሄድን። ዶልሜቸሩ፣ ማለትም አስተርጓሚው፣ በስልክ ነበር። ሐኪሟ «ድምፅ ትሰማለህ?» አለችው። እኔን አየኝ። «አዎ» አለ። እኔ እህቱ ይህችን ጥያቄ አንድ ቀን ጠይቄው አላውቅም ነበር። ጠበል ስረጭበት ከረምኩ እንጂ።

ሰባት ሳምንት ተኛ። የመጀመሪያው መድኃኒት አልተስማማውም፤ እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሌላ ቀየሩለት። አሁን በወር አንዴ መርፌ ይወጋል። ወፍሯል። ብዙ ይተኛል። ድምፁ ጨርሶ አልጠፋም፤ «እንደ ጎረቤት ሬዲዮ ነው፣ ራቅ ብሏል» ይለኛል። ጀርመንኛ ትምህርት ጀምሯል። ትራሱ ሥር ቢላ የያዘው ለምን እንደሆነ አንድ ቀን ጠየቅኩት። «ሊወስዱኝ የሚመጡ ሰዎች ነበሩ» አለኝ። እኔ እሱን ስፈራ፣ እሱ ከኔ በላይ ሲፈራ ነበር። እሱን የያዘው በሽታ ካለባቸው ሰዎች አብዛኞቹ ማንንም አይነኩም። ይህን ቀድሜ ባውቅ ኖሮ ቶሎ እናገር ነበር ይሆናል። እንጃ።

ኦክቶበር 30 ቀን 2025 የአሻፈንቡርግ ፍርድ ቤት ውሳኔ ሰጠ። ሰውየው ፓራኖይድ ስኪዞፍሬኒያ ስላለበት በወንጀል አይጠየቅም፣ በአእምሮ ሆስፒታል ላልተወሰነ ጊዜ ይቆይ። ሬዲዮው የበሽታውን ስም ሲጠራ ወንድሜ ቀና አለ። የሱ ፋይል ላይም ያለው ስም ነው። ሻይ ቀዳሁለት። ሁለታችንም ምንም አላልንም።

ለዚያ ልጅ እናት የምላት ቃል የለኝም። ስሟን አላውቅም፣ ሃይማኖቷም ከኔ ሌላ ይሆናል። ጧፍ ሳበራ «የሾንታሏ እናት» ብዬ አስባታለሁ። ከሷ አጠገብ «የዚያ የአፍጋኑ እናት» እላለሁ። እሷም የሆነ ቦታ አለች።

ዘንድሮ ገና ዶሮ ገዝቼ ስገባ ወንድሜ ሳቀብኝ። «አቦ፣ አሁንም በመቀስ ነው?» ኬለር ወርዶ አንዷን ቢላ ብቻ ይዞ መጣ። ሽንኩርቱን እሱ ከተፈልኝ። አልዋሽም፣ ዓይኔ ከእጁ ላይ አልተነሳም። እንደማየውም ያውቃል። ሲጨርስ ቢላዋን ለኔ ሰጠኝና ዶሮውን በለትኩ፤ ፈረሰኛው ሙሉውን ወጣ። ከዚያ ተቀበለኝ፣ አጠባት፣ በፎጣ ጠቀለላት፣ መልሶ ይዟት ወረደ።