ለሠርግ ብላችሁ እንጀራ እንዳትተዉ

ደሴ ላይ በጥር የምታገባ ሴት ሰውነቷን ማስተካከያ ጊዜዋ ከነቢያት ጾም ጋር ይገጥማል። ከኅዳር 15 እስከ ገና ዋዜማ መሆኑ ነው። ሰው ሁሉ «ጾም ነው፣ በራስሽ ጊዜ ትከሺያለሽ» ይላል። እንዳትሰሙ! በዘይት የሚንሳፈፍ ሽሮ፣ ድንች በዳቦ፣ ፓስታ፣ ሳምቡሳ፣ ከሰዓት ቡና ከነቁርሱ። ጾም የሚያወፍረን ብዙ ነን።

ተማሪ እያለሁ እሮጥ ነበር፤ ሥራ ከያዝኩ ወዲህ ግን ኑሮዬ ከወንበር ወንበር ሆነ። ጤና ጣቢያ ሄጄ ደም ግፊትና ስኳር ተለካሁ፣ ደህና ነኝ ተባልኩ። ጫማ ገዛሁ። ጂም ተመዘገብኩ።

ጂሙ የሦስት ወር ክፍያ በቅድሚያ ካልሆነ አይመዘግብም። ከፈልኩ። አሠልጣኙ ከስልኩ ያወጣውን የምግብ ዝርዝር አትሞ ሰጠኝ፦ ቁርስ የእንቁላል ነጭ፣ ምሳ የዶሮ ደረት በብሮኮሊ፣ እራት ሳልሞን። እኛ ዓሣ ካማረን ወደ 30 ኪሎ ሜትር ተጉዘን ሐይቅ ነው የምንበላው፤ ሳልሞን ከየት ይምጣልኝ? «ጾመኛ ነኝኮ» ስለው ጭንቅ እንኳ አላለውም። «እስከ ሠርግሽ ብትገድፊ ምን ይላል?» አለኝ። እንቢ ስል ከመደርደሪያው ትልቅ ጣሳ አወረደ። «ይኼ ፕሮቲን ብቻ ነው፣ ለጾም ይሆናል።» ዋጋውን ከመጠየቄ በፊት ጀርባውን አነበብኩ። ዌይ ይላል፤ አይብ ሲወጣለት የሚቀረው አጓት ማለት ነው። ለጾመኛ አጓት በጣሳ ሊሸጥልኝ!

ከሁሉም የባሰው የእንጀራው ነገር ነው። «እንጀራ ካላቆምሽ እኔ ኃላፊነት አልወስድም» አለኝ፤ አቆምኩ። በመጀመሪያው ሳምንት ሚዛኑ ከሁለት ኪሎ በላይ ወረደ። ፎቶ አንስቶ ለሌሎቹ ሴቶች ማሳያ አደረገኝ። እኔ ግን ራሴን ያመኛል፣ ደረጃ ስወጣ ጉልበቴ ይከዳኛል፣ እናቴን ያለ ምክንያት እቆጣለሁ። ከዚያ አክስቴ ቤት አንድ ምሳ ከእንጀራ ጋር በላሁና ኪሎው ተመልሶ ቁጭ አለ። አሠልጣኙ ሰው ሁሉ በሚሰማበት «ዲሲፕሊን የለሽም» አለኝ። እስከ ዛሬ ሳስበው ይበግነኛል።

ምክንያቱን ቢያውቀው አይናገረውም ነበር። ሰውነታችን ከእህል ያገኘውን ጉልበት ጡንቻና ጉበት ውስጥ ሲያከማች፣ በእያንዳንዱ ግራም ሦስት ግራም ያህል ውሃ አብሮ ይይዛል። እህል ድንገት ስናቆም መጀመሪያ የሚወርደው ይኼ ክምችትና ውሃው ነው፤ ስንበላ ይመለሳል። ስብ እንደዚያ አይቸኩልም። በሳምንት ከግማሽ እስከ አንድ ኪሎ ከቀነሰ በጣም ጥሩ ነው፤ ከዚያ በላይ ቃል የሚገባላችሁን ሰው አትመኑ። ጤፍ ደግሞ ከነቅርፊቱ የሚፈጭ፣ አሰር ያለው እህል ነው። ጥፋተኛ እሱ ሳይሆን ወጡ ላይ የሚፈሰው ዘይት ነው፤ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ገደማ አለው። የእኛ ቤት ወጥ ደግሞ በማንኪያ ሳይሆን ከጠርሙሱ ነው የሚፈስለት።

ጂሙም ቢሆን የሴቶች ሰዓት ሳይነግሩን ተቀየረ፤ መብራት ሲጠፋ መሮጫው ይቆማል፤ ገንዘቤን መልሱልኝ ስል «የደረሰኙን ጀርባ አንብቢ» ተባልኩ። «የተከፈለ ክፍያ አይመለስም» ይላል፣ ያውም በጉንዳን ፊደል። ስለዚህ ምክሬ አጭር ነው፦ ደሴ እየኖራችሁ ለመሮጫ ማሽን አትክፈሉ። ከተማው ራሱ ዳገት ነው። ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ሆኖ ወደ ጦሳ ተራራ አቅጣጫ ሽቅብ የሄደ ሰው ሳንባው በደንብ ይሠራለታል።

ያዳነችኝ አንዷ ሚዜዬ ናት። ለሱብሂ፣ ለንጋቱ ሶላት፣ ስለምትነሣ ሰግዳ ስትጨርስ ትደውልልኛለች፤ ነጋ ሲል እንወጣለን። የታኅሣሥ ብርድ አጥንት ይሰብራል። «ዛሬስ ይቅርብኝ» ስላት «አብሽሪ፣ ልብስ ደርቢ» ብላ ስልኩን ትዘጋዋለች። የዓለም ጤና ድርጅት በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይላል። ደቂቃ መቁጠሩን ተዉት፤ እያወራችሁ መሄድ ከቻላችሁ፣ መዝፈን ግን ካቃታችሁ፣ ልኩ እሱ ነው። እኛ ደግሞ የሠርግ ሐሜት ስለነበረን ወሬ አላጣንም።

ምግብ ላይ የለወጥኩት ጥቂት ነው። እንጀራዬ ወደ አንድ ወረደ፤ ምስርና ሽምብራው ጨመረ፣ ጎመን በየቀኑ፣ ዘይት በማንኪያ ተለክቶ። እናቴ ማንኪያውን ስታይ «ወጥ ነው መድኃኒት?» አለች፤ በኋላ እሷም ለመደችው። ቡናውን አልተውኩም፣ ወሎዬ ሆኜ እንዴት ብዬ! ስኳሩን ነው የተውኩት። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ላይ ሁለት ሁለት የሻይ ማንኪያ ሲጨመር 24 ግራም ገደማ ስኳር ነው፤ በአንድ ቁጭታ። ጤና አዳም ጣል አድርጌበት ጠጣሁ።

ሌላው ፈተና የዘመድ ጥሪ ነው። «ሙሽራዋ ወዟ ጠፋ፣ አመማት እንዴ?» ይላሉ፤ ጉርሻው ይከተላል። ጉርሻ አልመለስኩም፣ ነውር ነው። ከፊቴ ያለውን ግን ጠርጌ አልጨረስኩም፤ ባዶ ያዩት እንደሆነ «ጨምሩላት» ነው። አብሲት፣ ማር፣ እርድ ፊት ላይ የሚባለውንም ሁሉ «እሺ» ብዬ ሰምቼ አንዱንም አላደረግኩም።

ቬሎውን ቀድማችሁ እንዳታስጠብቡ። እኔ ከጥምቀት በኋላ ነው ያስለካሁት፤ አከራይዋ ተቆጣች፣ ልክ ግን ሆነ። ምክንያቱም ከገና እስከ ጥምቀት ያሉት ቀናት ከጾሙ ሁሉ ይከፋሉ፦ ዶሮው፣ ቅቤው፣ ክትፎው በአንድ ጊዜ ይመጣል። የጠዋት ዳገቱን በእነዚያ ቀናት ነው ማቋረጥ የሌለባችሁ። ከሠርጉ በኋላ መልሱና ቅልቅሉ አለ፤ ያኔ ብሉ።