ጀጎል ውስጥ የተዘጉ በሮች

ሐረር ልሄድ ነው ስል የሰማ ሁሉ የነገረኝ ስለ ጅቡ ነው። «ጅብ ሳታበላ እንዳትመለስ!» እኔን የጠራኝ ግን ሌላ ነገር ነው። በግንብ በታጠረው አሮጌው ከተማ፣ ጀጎል ውስጥ፣ ሰው ትቷቸው ስለሄደ አሮጌ ቤቶች ብዙ ሰምቼ ነበር። እነሱን ማየት፣ ከጎናቸው የሚኖረውንም ሰው ማነጋገር ፈለግኩ።

መጀመሪያ ድሬዳዋ አደርኩ። አደርኩ ከተባለ! እኩለ ሌሊት ላይ መብራት ጠፋ፣ ማራገቢያው ቆመ። መስኮት ስከፍት ትንኝ፣ ስዘጋ ሙቀት። ንጋት ላይ ተስፋ ቆርጬ ወጣሁና በከዚራ ሰፈር ዛፎች ጥላ ስር ወደ ድሮው ባቡር ጣቢያ ሄድኩ። ባቡሩ እ.ኤ.አ. በ1902 እዚህ ደረሰ፤ ከተማዋም የተወለደችው ያኔ ነው። የአዲሱ የጅቡቲ መስመር ጣቢያ ግን ከከተማው ወጣ ብሎ ነው የተሠራው። በአሮጌው ጋራዥ ሠርተው ጡረታ የወጡ አንድ አባት በፈረንሳይኛ ሰላም አሉኝ። «ድሮ በባቡሩ ፊሽካ ነበር ሰዓት የምናውቀው» አሉ። ብዙ ላወራቸው ፈልጌ ነበር፤ ሚኒባሱ ሞልቶ ሊሄድ ሆነ።

ሐረር ስደርስ አንድ ባለ ባጃጅ ከመናኸሪያ ሸዋ በር ለማድረስ 200 ብር ተቀበለኝ። በማግስቱ በእግሬ ስሄደው ጥቂት ደቂቃ ነው። ዞሮ ዞሮ ነበር ያደረሰኝ። ገንዘቡ ሳይሆን እያወራ፣ እየሳቀ፣ «አቦ እንኳን ደህና መጣህ» እያለ ማድረጉ ነው ያናደደኝ።

ጀጎል ስገባ ንዴቱ ጠፋ። ግንቡን በ16ኛው ክፍለ ዘመን ያሠሩት አሚር ኑር ናቸው። ጥንታዊ በሮቹ አምስት ናቸው። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2006 በዓለም ቅርስነት ሲመዘግበው 82 መስጊዶችና 102 የሚዘየሩ ቅዱሳን ቦታዎች እንዳሉት ጽፏል። ይህ ሁሉ እዚያች ጠባብ ግንብ ውስጥ ነው። መንገዶቹ ንጹህ ናቸው። ግድግዳው ነጭ፣ አረንጓዴ፣ ሮዝ፣ ሰማያዊ ተቀብቷል። ፎቶ ለሚያነሳ ሰው ገነት ነው።

እኔ ግን በሮቹን እያየሁ ነበር የምሄደው። አንዱ ቁልፉ ዝጓል። ሌላው ከውጭ በቆርቆሮ ተመቷል። አንዱን በስንጥቅ ብመለከት ውስጡ ሰማይ ነው፤ ጣሪያው ወርዶ ወለሉ ላይ ሣር በቅሏል። ግድግዳው ላይ ሳህን የሚደረደርባቸው ጎድጓዳ መደርደሪያዎች አሁንም አሉ።

ያረፍኩት በአንድ ባህላዊ የሐረሪ ቤት ነው። ባለቤቷ ቁርስ ላይ ቁጢ አቀረበችልኝ፤ ከቡና ቅጠል ተፈልቶ በወተት የሚጠጣ ነው። እንደዚያ ያለ ጠዋት አዲስ አበባ ውስጥ ኖሮኝ አያውቅም። ቀይ ነደባው፣ ማለትም መቀመጫ መደቡ ላይ ተደላድዬ ቤቱ እንዴት እንደሚሠራ ጠየቅኳት። ድንጋይ በጭቃ ይገነባል፣ ከላይ ኖራ ይቀባል። የድሮው ጣሪያ ጠፍጣፋ ነው፤ በእንጨት ላይ አፈር ተደልድሎ የሚሠራ። በየዓመቱ ከክረምት በፊት መጠገን አለበት። ሰው ከሌለ ማን ይጠግነዋል? አንድ ሁለት ክረምት ካለፈው ውሃ ያሰርጋል፣ እንጨቱ ይበሰብሳል፣ ከዚያ መውረድ ነው። ብዙዎቹ ቤቶች ደግሞ ግድግዳ ይጋራሉ። ስለዚህ የአንዱ ጣሪያ ሲወርድ የሚረጥበው የጎረቤቱም ግድግዳ ነው።

«ለምን ይተዉታል ታዲያ?» አልኳት። ምክንያቱ አንድ አይደለም። ብዙ ሐረሪዎች ባለፉት አሥርት ዓመታት ወደ አዲስ አበባ፣ ከዚያም ወደ ካናዳና ሌላ አገር ሄደዋል። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ ከክልሉ ነዋሪ አሥር በመቶ እንኳ አልሞሉም። ቤቱ ለስድስት ለሰባት ወራሽ ይቀራል፤ ሁሉም ካልተስማማ አይሸጥም፣ አይጠገንም። በሌላ በኩል በ1967ቱ አዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ ቤቶች ተወርሰዋል። ከዚያ ወዲህ አነስተኛ ኪራይ ያላቸው በቀበሌ እጅ ናቸው። ተከራዩ የእኔ ነው ብሎ ጣሪያ አያወጣበትም። የሚከፍለው ኪራይም ቤቱን ለማደስ አይበቃም።

ይህን እኔም አውቀዋለሁ፤ አራዳ ውስጥ በቀበሌ ቤት ነው ያደግኩት።

ከሰዓት በኋላ ባለቤቷ ወደ አንዲት ጎረቤቷ ወሰደችኝ። ሸዋ በር ገበያ ኦቾሎኒ የሚሸጡ እናት ናቸው። ሁለት የልጅ ልጆች ያሳድጋሉ። የሚኖሩት ለብዙ ቤተሰብ በተከፋፈለ አሮጌ ቤት ውስጥ፣ በአንድ ክፍል ነው። የጀርባ ግድግዳቸው ከተዘጋ ባዶ ቤት ጋር አንድ ነው። የዚያ ቤት ጣሪያ ባለፈው ክረምት ወርዷል።

«ና እይ» አሉኝ፣ እጄን ይዘው ግድግዳው ላይ አስቀመጡት። ርጥብ ነው። መሃሉ ላይ ወደ ውስጥ አብጧል። አልጋው ከግድግዳው ተነጥሎ በሩ አጠገብ ቆሟል። «ከወደቀ ልጆቹ እንዲተርፉ ነው» አሉ። አንድ ዘመድ በሲሚንቶ ለስኖላቸው ነበር። ሲሚንቶው ርጥበቱን አፍኖ ይባስ ጭቃውን አላወሰው። በኖራና በጭቃ መሥራት የሚያውቅ ባለሙያ ደግሞ እየጠፋ ነው፤ ቢገኝም እሳቸው የሚከፍሉት የላቸውም።

«ለምን ሌላ ቤት አይፈልጉም እማማ?» አልኳቸው።

«አንተ፣ የት ልሂድ? ገበያዬ እዚህ። እድሬ እዚህ። ስታመም ውሃ የምታቀብለኝ እሷ ናት።» የአስጠጋችኝን ሴት በአገጫቸው አመለከቱ። በወር የሚከፍሉት ኪራይ እኔ ለባጃጁ ከሰጠሁት ያንሳል። ከግንቡ ውጭ በዚያ ብር የሚገኝ ቤት የለም።

ፒያሳ በ2016 ሲፈርስ የእናቴ ጎረቤቶች በየአቅጣጫው ተበተኑ። አንዳንዶቹ ቧንቧ ያለው ቤት አገኙ፤ ለዚያ ደስ ይለኛል። ነገር ግን ቡና የሚጠራሩ፣ ለቀብር የሚደራረሱ፣ አንዱ የሌላውን ልጅ የሚጠብቁ ሰዎች ነበሩ። ስለዚህ ለሐረሯም እናት «ያውጧቸው» ማለት አልሆነልኝም። እንዳሉ ይቆዩ ማለትም ልጆቹን ከዚያ ግድግዳ ስር መተው ነው።

ራስ ተፈሪ ቤት በሚባለው፣ አሁን ሙዚየም በሆነው ሕንፃ ለረጅም ጊዜ ቆየሁ። የተቀረጸ የእንጨት በረንዳው ድንቅ ነው። በፈረንሳዊው ገጣሚ በራምቦ ስም የሚጠራው ቤትም ገባሁ። ሁለቱም ያምራሉ፣ መጠበቃቸውም ተገቢ ነው። ሆኖም ጀጎልን ቅርስ ያደረጉት ሰው የሚተኛባቸው ስም የለሽ ቤቶችም ናቸው። አንድ ጣሪያ ሳይወርድ በፊት ማደስ፣ ከወረደ በኋላ የሦስት ቤት ግድግዳ ከማቃናት በብዙ ይረክሳል። ባለቤቱ ሩቅ ከሆነ ቢያንስ ጎረቤት ገብቶ ቀዳዳ የሚደፍንበት ፈቃድ ይስጥ። ይህ ትልቅ በጀት አይጠይቅም።

ሰፈሩ ሞክሯል። የአፎቻው ሰዎች፣ ማለትም የሐረሪዎቹ መረዳጃ ማኅበር፣ ቆርቆሮና እንጨት የሚገዛ ገንዘብ ማዋጣት ጀምረዋል። የባዶው ቤት ወራሾች ቶሮንቶ ናቸው። አንዱ በስልክ «ግቡና ሥሩት» ብሏል፤ ሌሎቹ ይዞታችን ይነካል ብለው ፈርተዋል። የሁሉንም ውክልና የያዘው ዘመዳቸው አዲስ አበባ፣ መርካቶ ነው የሚሠራው። ሥራ የሚበዛበት ሰው ነው አሉ፣ ስልክ ቶሎ አያነሳም። አንድ ገጽ የስምምነት ደብዳቤ ጽፈው፣ የግድግዳውን ፎቶ አያይዘው ሰጡኝ። ፊርማው ከተገኘ ክረምት ሳይገባ ቆርቆሮው ይመታል። ሰኞ ሱቁ ድረስ እሄዳለሁ።