ምን እንዳነበበች ለአባቷ አትንገሩ

ላይብረሪ የአንባቢውን ምስጢር መጠበቅ አለበት ስል «የምን ምስጢር? መጽሐፍ እኮ ነው!» የሚሉኝ አሉ። እኔ ግን ነገሩ የምር ያሳስበኛል።

እዚሁ ሰሜን ሸዋ ውስጥ አንዲት ትንሽ ከተማ ላይብረሪ ገብቼ ነበር። ከተማዋን አልጠራም፤ ነገሩ የእሷ ብቻ አይደለም። በሩ ላይ ጠረጴዛ፣ ጠረጴዛው ላይ ሰፊ መዝገብና በክር የታሰረ እስክሪብቶ። መዝገቡ በማስመሪያ ተከፋፍሏል፦ ተ.ቁ፣ ሙሉ ስም፣ ፆታ፣ ዕድሜ፣ የመጽሐፉ ርዕስ፣ የገባበት ሰዓት፣ ፊርማ። ስሜን ልጽፍ ጎንበስ ስል ከእኔ በፊት የገቡት ሰዎች ሁሉ ፊት ለፊቴ ተዘርግተዋል። ፊዚክስ። ልቦለድ። ደግሞ ፊዚክስ። ከዚያ የአንዲት ልጅ ስም እስከ አያቷ፣ ዕድሜ 16፣ የቤተሰብ ሕግ።

ልጅቷን አላውቃትም። ከኋላዬ ተራ ይጠብቁ የነበሩት ሰውዬ ግን አባቷን ሳያውቁ አይቀሩም፤ እንደዚያ ባለ ከተማ ስም ከነአባት ከተጻፈ የማን ልጅ እንደሆነች መጠየቅም አያስፈልግም። የቤተሰብ ሕግ ለምን ፈለገች? ለትምህርት ሊሆን ይችላል። ወይ ደግሞ ቤቷ ሽማግሌ ተልኮ ሊሆን ይችላል፣ ሕጉ ከ18 ዓመት በታች ማግባትን እንደሚከለክል በዓይኗ አይታ ማረጋገጥ ፈልጋ ይሆናል። እንደዚያ ከሆነ እሷ ምን እንደምታደርግ ገና ሳትወስን ወሬው ቤቷ ቀድሟት ይገባል።

ወሬውን የሚያደርሰው ደግሞ ክፉ ሰው መሆን የለበትም። «ጋሼ፣ ልጅዎ እኮ ጎበዝ ናት፣ ሰሞኑን የሕግ መጽሐፍ ይዛ አትለቅም» ይላል የላይብረሪው ባለሙያ አባቷን መንገድ ላይ ሲያገኛቸው። ማመስገኑ ነው። ስለ ኤች አይ ቪ የሚያነብ ሰው፣ ስለ ወሊድ መከላከያ የምታነብ ሴት፣ የሌላ ሃይማኖት መጽሐፍ ማየት የፈለገ ወጣት፣ የሁሉም ምስጢር በዚሁ መንገድ ይወጣል። ቀጥሎ የሚሆነው ግልጽ ነው። አይመጡም። ቢመጡም የሚፈልጉትን መጽሐፍ አይጠይቁም።

የነፍስ አባት የሰማውን እንደማያወራ ሁሉ የአንባቢን ምስጢር መጠበቅም የላይብረሪ ሙያ ሕግ ነው። የአሜሪካ የላይብረሪ ማኅበር በ1939 እ.ኤ.አ ባወጣው የሥነ ምግባር ደንብ ባለሙያው ስለ አንባቢው ያወቀውን የግል ጉዳይ በምስጢር እንዲይዝ ግዴታ ጥሎበታል። ዓለም አቀፉ የላይብረሪ ማኅበራት ፌዴሬሽንም በ2012 እ.ኤ.አ ደንቡ ላይ አስገብቶታል። በ2005 እ.ኤ.አ ኤፍ ቢ አይ አሜሪካ ኮነቲከት ውስጥ የላይብረሪ ኮምፒውተር ማን እንደተጠቀመ ንገሩን ብሎ በደብዳቤ ሲጠይቅ፣ አራት ባለሙያዎች ያለ ዳኛ ትዕዛዝ አንሰጥም ብለው ፍርድ ቤት ሄደዋል፤ እንዲያውም ደብዳቤው እንደደረሳቸው እንኳ ለማንም እንዳይናገሩ ታግደው ነበር። ጀግንነታቸው ይገርመኛል።

እኛም ሕግ አጥተን አይደለም። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 ላይ የግል ሕይወት ይከበር ይላል፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጁም (ቁጥር 1321/2016) ወጥቷል። የዚህ ዓይነት ሕግ ፍሬ ነገሩ ቀላል ነው፦ ለምትሠራው ሥራ የሚያስፈልግህን ብቻ ሰብስብ፣ ሥራው ሲያልቅ አታቆየው።

ባለሙያዋን «ይህ ሁሉ ለምንድነው?» አልኳት። «ለሪፖርት ነው» አለችኝ። እሺ፣ ሪፖርት ያስፈልጋል፤ አንባቢ ካልተቆጠረ በጀትም አይመጣም። ግን ሪፖርቱ የሚፈልገው ቁጥር ነው። ዛሬ ስንት ሴት፣ ስንት ወንድ፣ ስንት ተማሪ መጣ፣ የትኛው ዓይነት መጽሐፍ ተነበበ። ለዚህ ወረቀት ላይ ሰረዝ ሰረዝ እያደረጉ መቁጠር ይበቃል፤ የማንም ስም አያስፈልግም።

«መጽሐፍ ቢጠፋስ?» ትሉኝ ይሆናል። ስጋቱ እውነት ነው፣ ያሉን መጻሕፍት ጥቂት ናቸው። ለዚህ ደግሞ እያንዳንዱ አንባቢ የራሱ የውሰት ካርድ ይኑረው፣ መሳቢያ ውስጥ ይቀመጥ፣ መጽሐፉ ሲመለስ ርዕሱ ይጥፋ። በአንድ መስመር መሰረዝ አይደለም፣ እሱ ይነበባል፤ ድፍን አድርጎ ማጥፋት ነው። እንደ ኮሃ ያለ የላይብረሪ ሶፍትዌር የሚጠቀሙም ካሉ፣ የተመለሰ መጽሐፍ ታሪክ ከአንባቢው ስም ጋር እንዳይቆይ የሚያደርግ ማስተካከያ አለው፤ አይቲው ይክፈተው።

ኮምፒውተሮቹንም አትርሱ። የሰው ቴሌግራምና ኢሜይል ክፍት ሆኖ ለቀጣዩ ሰው ሲቆይ አይቻለሁ። ማሽኑ በየተጠቃሚው መሐል እንዲጸዳ ማድረግ የአንድ ቀን ሥራ እንኳ አይሆንም።

ፖሊስ ከጠየቀ የፍርድ ቤት ትዕዛዙ ይታይ። አባት፣ ባል ወይም አስተማሪ ከጠየቀ መልሱ በትሕትና «ይቅርታ፣ አንናገርም» ይሁን፤ ይህም አዲስ ባለሙያ ሲቀጠር በመጀመሪያው ቀን ይነገረው። የመመዝገቢያውን ቅጽ የምታዘጋጁ ደግሞ አደራ፣ ለሚቀጥለው ዓመት ስታሳትሙ «የመጽሐፉ ርዕስ» የሚለውን ከስም አጠገብ አንሱት።