ለመኪናው ነው ወይስ ለባለቤቱ ነጥብ የሚሰጡት?

እዚህ ዲሲና ቨርጂኒያ አካባቢ ያለን ሀበሾች መኪና ልንገዛ ስንል ጥያቄያችን አንድ ነው፣ «ቶዮታ ነው?»። አዎ ከተባለ ማይሉ ይጠየቃል፣ አይደለም ከተባለ ወሬው እዛው ያልቃል። ትንሽ ጠለቅ ያለ ሰው ደግሞ የሬቲንግ፣ ማለትም መኪና የሚመዝኑ ድርጅቶች የሚሰጡት ነጥብ፣ ስክሪንሾት ይልካል፣ ይሄ 82 አምጥቷል ያኛው 74፣ የቱን ልግዛ ይለኛል፣ እኔ መኪና ስለምወድ የሰፈሩ አማካሪ ሆኜ ቀርቻለሁ ማለት ነው። ቁጥር ካየ በቃ አመነ። መኪና ወዳድ የሆኑት ጓደኞቼ ጋ ስትሄዱ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፣ ዕቃ እየፈተነ ነጥብ የሚሰጠውን ኮንሲዩመር ሪፖርትስ የሚባለውን ድርጅት ስም ስታነሱ ገና ፊታቸው ይጠቁራል፣ «እነሱ እኮ መኪናን እንደ ፍሪጅ ነው የሚያዩት» ይላሉ። (ፍሪጅም ይፈትሻሉ እኮ፣ ውሸት አይደለም።)

እኔ ከሁለቱም ጋር አልስማማም። ቁጥሩን ከማመንም ከመሳደብም በፊት ምኑ ነው የተቆጠረው፣ ስንት ማይል ላይ ነው የተቆጠረው፣ ማን ነው የመለሰው ብሎ መጠየቅ ይቀድማል ባይ ነኝ። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው፣ እንዳትደናገሩ።

የመኪና ገዢዎችን እየጠየቀ ብራንዶችን ደረጃ ከሚያወጣው ከጄ.ዲ. ፓወር ልጀምር። ቲቪ ላይ ዋንጫ እያሳዩ የሚያስተዋውቁት እሱ ነው፣ ኩባንያዎቹ ያንን ሽልማት ማስታወቂያቸው ላይ ለመጠቀም ይከፍላሉ። ኢኒሻል ኳሊቲ የሚሉት ጥናታቸው አዲስ መኪና የገዛን ሰው የመጀመሪያዎቹን 90 ቀናት ብቻ ነው የሚጠይቀው፣ ከዛ በ100 መኪና ስንት ችግር እንደተነገረ ይቆጥራሉ። ችግር የተባለው ነገር ደግሞ ሞተር መሰበር ብቻ አይደለም፣ ብሉቱዙ አልያዘልኝም ማለትም ችግር ነው፣ ስክሪኑ ግራ ገባኝ ማለትም ችግር ነው። 2011 ላይ ፎርድ ከ5ኛ ወደ 23ኛ የተንከባለለው ባብዛኛው በዛ ማይፎርድ ተች በሚሉት ስክሪን ሰበብ ነበር፣ መኪና ወዳዱም «ለስክሪን ብለው መኪና ጣሉ» ብሎ ሳቀ። ግን እዛው ውስጥ ስለ አዲሱ ካምቢዮም የተነገረ ነገር ነበር፣ ፊየስታ ላይ የገባው ባለ ሁለት ፍሪሲዮን አውቶማቲክ ሲነሳ ይንቀጠቀጣል የሚል፣ ያ ካምቢዮ ኋላ ፎርድን ፍርድ ቤት ለፍርድ ቤት ያንከራተተው ነው። ስለዚህ 90 ቀንም አንዳንዴ ጭሱን ያሳያል።

አንዳንዴ ግን ምንም አያሳይም። 2016 ላይ በዛው ጥናት ኪያ ከሁሉም ብራንድ አንደኛ ወጣ፣ ሌክሰሱንም ፖርሼውንም በልጦ። በዛው ሰሞን ምን እየሆነ ነበር? ቴታ 2 የሚባለው የሀዩንዳይና የኪያ ሞተር መንገድ ላይ እየነከሰ ነበር። ፋብሪካ ሲሰራ የቀረ የብረት ፍቅፋቂ የዘይቱን መንገድ ይዘጋዋል፣ ዘይት ያጣ ብሮንዚን (የሞተሩ ዘንግ የሚሽከረከርበት ስስ ብረት) ይበላል፣ መጀመሪያ ማንኳኳት ከዛ ጭራሽ መቆም። ሀዩንዳይ 2015 ላይ ወደ 470 ሺህ ሶናታ ሪኮል አደረገ (ለጥገና መልሶ ጠራ)፣ 2017 ላይ ኪያም ተጨምሮ ሌላ ወደ 1.2 ሚሊዮን መኪና ተጠራ። አንደኛ መውጣቱም እውነት ነው፣ ሞተሩ መንከሱም እውነት ነው። በ90 ቀን ውስጥ ማን ብሮንዚን በልቶ ያውቃል?

ኮንሲዩመር ሪፖርትስ ሌላ ዓይነት ነው፣ እዚህ ላይ ጓደኞቼን ትንሽ ላስቀይማቸው ነው። ከ1936 ጀምሮ ያለ ድርጅት ነው፣ ማስታወቂያ አይቀበልም፣ የሚፈትነውን መኪና እንደማንኛውም ሰው ዲለር ሄዶ ማንነቱን ሳይናገር በገንዘቡ ነው የሚገዛው። ዩቲዩብ ላይ የምናደንቃቸው ሪቪው ሰሪዎች ግን ብዙዎቹ ኩባንያው አጥቦ ነዳጅ ሞልቶ የላከላቸውን መኪና ነው ለአንድ ሳምንት የሚነዱት። የኮንሲዩመር ሪፖርትስ መፈተኛ ሜዳ ደግሞ ኮነቲከት ኮልቸስተር ውስጥ ድሮ ድራግ ሬስ (ቀጥ ባለ መንገድ የፍጥነት ውድድር) ይደረግበት የነበረ ቦታ ነው፣ እንግዲህ «መኪና አያውቁም» የሚባሉት ሰዎች እዛ ላይ ነው ቀኑን ሙሉ ጎማ ሲያቃጥሉ የሚውሉት። 2018 ላይ የቴስላ ሞዴል 3 ፍሬን በሰዓት 60 ማይል እየሄደ ለመቆም 152 ጫማ ፈጀበት ብለው አንመክርም አሉ፣ ቴስላ በኢንተርኔት አፕዴት ላከ፣ እንደገና ሲሞክሩት 133 ሆነ። እንደዚህ በቀናት ውስጥ ፍሬን ያስተካከለ የመኪና ወዳድ ስድብ እስካሁን አላየሁም።

ብዙ ሰው የሚምታታበት ግን እነዚህ ሰዎች ሁለት የተለያየ ነገር ነው የሚሰሩት፣ አንዱ ሜዳ ላይ የሚነዱት ፈተና ነው፣ ሌላው በየዓመቱ አባሎቻቸውን የሚጠይቁት መጠይቅ ነው። 2015 ነሐሴ አካባቢ ቴስላ ሞዴል ኤስ ፒ85ዲ ከ100 ውስጥ 103 አመጣ፣ መለኪያቸው ራሱ ተበላሸና ማስተካከል ነበረባቸው፣ ያን ጊዜ ያልጨፈረ የቴስላ ደጋፊ የለም። ጥቅምት ላይ የባለቤቶቹ መልስ ሲመጣ መኪናው አስተማማኝ አይደለም ተብሎ ከሚመከሩት ዝርዝር ወጣ። እነዛው ባለቤቶች ግን ደግማችሁ ትገዙታላችሁ ወይ ሲባሉ ሌላውን ሁሉ ትተው ከላይ ነው ያስቀመጡት። እየተበላሸበትም ይወደዋል! መኪና ወዳድ ይሄን ካልተረዳ ማን ይረዳዋል።

ባለቤቱ ሬቲንጉ ውስጥ እንዳለበት በደንብ የሚያሳየው ግን ለኔ የፕሪዝም ታሪክ ነው። ካሊፎርኒያ ፍሪሞንት ጂኤምና ቶዮታ በጋራ የከፈቱት ኑሚ የሚባል ፋብሪካ ነበር፣ 1984 ላይ ስራ የጀመረ። እዛ ኮሮላ ይሰራል፣ እዛው ፕሪዝም ይሰራል፣ መጀመሪያ ጂኦ ቀጥሎ ሼቭሮሌ ተብሎ የተሸጠ። ሞተሩ የቶዮታ፣ ካምቢዮው የቶዮታ፣ ሰራተኛው ያው። ግንባሩ ላይ ያለው ማርክ ግን ኮሮላ አይደለም፣ ስለዚህ ሰው አልፈለገውም፣ ያገለገለው ከኮሮላ ረክሶ ነበር የሚሸጠው። መኪና የሚያውቅ ሰው ያንን ልዩነት ኪሱ ከትቶ ሄደ። (ያ ፋብሪካ ዛሬ የቴስላ ነው፣ ዓለም ጠባብ ናት።)

«ሬቲንግ የሚያስደስት መኪና ገደለ» የሚለው ክስ ግን አይዋጥልኝም። 2020 ላይ በኮንሲዩመር ሪፖርትስ መጠይቅ በአስተማማኝነት አንደኛ የወጣው ብራንድ ማዝዳ ነበር፣ ከማዝዳዎቹም ከላይ የተቀመጠችው ሚያታ ናት፣ ባለ ሁለት ወንበሯ ጣሪያዋ የሚከፈተው። የሚያስደስት መኪና የገደለው ሁላችንም ኤስዩቪ መግዛታችን ነው።

አሁን ወደ እኛ ልምጣ። አሜሪካዊው አዲስ ገዝቶ ሶስት አራት ዓመት ይነዳና ይቀይራል፣ መጠይቁን የሚሞላውም ባብዛኛው እሱ ነው። እኛ የምንገዛው እሱ ሲጨርስ ነው፣ ከዛ ኡበር እንሰራበታለን፣ ከዛ ዘመድ ይረከበዋል። አንድ ዕድሜ ልካቸውን ታክሲ የነዱ ጋሼ አሉ፣ ቁጥር አሳይቻቸው «ልጄ፣ እነዚህ ሰዎች ስንት ማይል ላይ ሆነው ነው የመለሱት?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

ከ2010 እስከ 2015 የተሰራውን ፕሪየስ ውሰዱ፣ ሬቲንጉ እንከን የለውም ነበር፣ ግማሹ ሀበሻ ኑሮውን የመሰረተው በሱ ነው። ወደ 150 ሺህ ማይል ሲጠጋ ግን ጠዋት አስነስታችሁት ሞተሩ ለጥቂት ሰከንድ ሲንቀጠቀጥ ትሰማላችሁ፣ ከዛ ጸጥ ይላል፣ ምንም አይደለም ብላችሁ ትሄዳላችሁ። ያ፣ ሌሊቱን በቴስታታው (በሞተሩ ራስ) ጋስኬት በኩል ሲሊንደር ውስጥ የገባ የራዲያተር ውሃ ነው። መነሻው ደግሞ ብዙ ጊዜ ኢጂአር፣ ማለትም የተቃጠለውን ጭስ ከፊሉን ወደ ሞተሩ የሚመልሰው ክፍል ነው፣ ከሞተሩ ኋላ ተደብቆ ያለው ማቀዝቀዣው በጥላሸት ይደፈናል፣ ሲያወጡት ቀዳዳዎቹ በጭራሽ አይታዩም። 100 ሺህ ማይል ላይ አውርዶ ማጠብ እንደሚያስፈልግ የትኛውም ኮከብ አይነግራችሁም፣ ሀበሻ መካኒክ ግን ይነግራችኋል።

ካምሪም ላይ ያው ነው። 2007 መጨረሻ ላይ ኮንሲዩመር ሪፖርትስ ቶዮታን ሳያጣራ መምከር አቆማለሁ ሲል ጣቱን ከቀሰረባቸው አንዱ ቪ6 (ባለ 6 ሲሊንደር) ካምሪው ነበር። ዓመታት አልፎ ዘይት ሲበላ የተገኘው ግን ባለ 4 ሲሊንደሩ 2.4 ሊትር ሞተር ነው፣ ቶዮታ ራሱ ፒስተንና ሪንግ በነፃ የሚቀይርበት ፕሮግራም እስኪያወጣ ድረስ። ቪ6ቱ ዛሬም ይሄዳል።

አዲስ አበባ ደግሞ ጭራሽ ሌላ ዓለም ነው። እዛ ሬቲንጉ ሱማሌ ተራ መለዋወጫው አለ ወይ የሚለው ነው፣ ለቪትዝ ኮከብ የሰጠው ገበያው ነው። 2024 ላይ የነዳጅ መኪና ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ ግን ሰው ኤሌክትሪክ እየገዛ ነው፣ የሚላክልኝ ስክሪንሾትም ተቀይሯል። የአክስቴ ልጅ የአሜሪካን የአይዲ 4 (የፎልክስዋገን ኤሌክትሪክ መኪና) ስኮር ልኮልኝ «ወንድሜ ጥሩ ነው አይደል?» ይለኛል። እሱ ሊገዛ ያሰበው ቻይና የተሰራውን ነው፣ ፋብሪካው ሌላ፣ ባትሪው ሌላ፣ ሶፍትዌሩ ሌላ። አይዲ 6 ቢሆንማ እዚህ አገር ተሽጦም አያውቅ፣ ማን ነጥብ ይሰጠዋል። እና ዝርዝር አድርጌ ላኩለት፣ ቻርጅ የሚደረግበት ሶኬት የቻይናው ነው ወይ፣ ስክሪኑ ከቻይንኛ ይወጣል ወይ፣ ባትሪው ሲፈተሽ ስንት ፐርሰንት ቀርቶታል፣ እዛ ሰፈር ኮምፒውተር አገናኝቶ የሚያነበው ጋራዥ አለ ወይ ብዬ። ሁለት ቀን ቆይቶ መለሰልኝ፣ ነጩን እንደወደደው።