አሮጌዋ ካዋሳኪና የእማዬ ድስት

ሞተር ሳይክሌ ካዋሳኪ ኬኤልአር 650 ናት፣ በፈረንጆች የ1996 ሥሪት። አንድ ሲሊንደር፣ በውሃ የምትቀዘቅዝ፣ ውሃውን የሚያበርደው ራዲያተሯ በግራ ጎኗ። ስገዛት ዘይት ትበላለች ብዬ ፈርቼ ነበር። አልበላችም። ትፈላለች እንጂ።

ሜዳ ላይ ምንም አትልም። ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ስወጣ ግን፣ ከፊቴ ጭነት የያዘ አይሱዙ ካለና በአንደኛ ማርሽ የምንፏቀቅ ከሆነ፣ ገና ዳገቱን ሳላጋምስ መጠባበቂያ ጋኗ ውሃ መትፋት ይጀምራል። የሙቀት ጌጁ ቀዩን አልነካም። ራዲያተሩን የሚያናፍሰው ፋንም አልተነሳም። እኔ ዳር ይዤ ቆሜ እንፋሎት ሳይ የሰፈሩ ልጆች "ባለሞተር፣ ቡና አፈላህ እንዴ?" ይሉኛል።

መጀመሪያ ያየልኝ መካኒክ ቴርሞስታቱን አውጥቶ ጣለው። "ይሄ ለፈረንጅ አገር ብርድ ነው፣ እዚህ አያስፈልግም" አለኝ። እኔም አመንኩት። ትርፉ ምን ሆነ? ጠዋት ጠዋት ሞተሩ በደንብ ሳይሞቅ መሥሪያ ቤት እደርሳለሁ፣ ቤንዚንም ትጠጣለች። ዳገቱ ላይ ግን ያው ፈላች። ቴርሞስታት ውሃው በደንብ እስኪሞቅ የሚዘጋ፣ ከዚያ የሚከፍት በር ነው። ጤነኛ ከሆነ ሞተር አያፈላም። በኋላ ሌላ ገዝቼ መለስኩት።

ፋኑ ካልተነሳ ጥፋቱ እዚያው ነው ብዬ ደመደምኩ። በቀጥታ ከባትሪ ጋር ሳገናኘው ሽው ብሎ ዞረ። የቀረችው ስዊቿ ናት፤ ራዲያተሩ ላይ የታሰረች፣ የናስ ቡሎን የምትመስል፣ ሲግላት ኤሌክትሪኩን የምታገናኝ። መሞከሪያው ቀላል ነው፣ ድስት ውስጥ መቀቀል። የእማዬን ትንሿን ድስት ወሰድኩ። ስዊቿን በሽቦ አንጠልጥዬ ኤሌክትሪክ ሲያልፍ የሚጮህ ቴስተር ገጠምኩባት። ውሃው ተንተከተከ። ቴስተሩ ዝም። አሥር ደቂቃ ጠበቅኩ፣ ዝም። በቃ ሞታለች ብዬ ቅርጫት ውስጥ ወረወርኳት።

ሶማሌ ተራ ሄጄ ሌላ ገዛሁ። ቀቀልኩት። እሱም ዝም! በንዴት ይዤው ተመለስኩና የተበላሸ ዕቃ ሸጥክልኝ ብዬ ሻጩ ላይ ጮህኩበት። ሰውዬው ግራ ተጋባ። ጥግ ላይ ሻይ የሚጠጡ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ናቸው የገላገሉን።

"ልጄ፣ ውሃው ስንት ዲግሪ ደረሰ?"

"ፈላ እኮ ጋሼ። መቶ ነዋ!"

"እዚህ አዲስ አበባ? ቴርሞሜትር ከተህ አይተሃል?"

አላየሁም።

ማታ ከተትኩ። 92 ላይ ቆመ። እሳቱን ጨመርኩ፤ ውሃው ባሰበት እንጂ ቁጥሩ ንቅንቅ አላለም። ትምህርት ቤት ተምረነዋል እኮ፣ ከፍ ባልን ቁጥር የአየሩ ግፊት ይቀንሳል፣ ውሃም ቶሎ ይፈላል፤ በግምት በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እንጦጦ አናት ላይ ደግሞ ወደ 90 ይወርዳል። ስለዚህ ውሃውን ደፍቼ ዘይት አደረግኩበት (ድስቱ ደረቅ ይሁን፣ ጠብታ ውሃ ካለበት ፊት ላይ ይፈናጠራል)። "ዛሬ ደግሞ ብረት ልትጠብስልን ነው?" አለች እማዬ። 97 ላይ ቴስተሩ ጮኸ። አሮጌዋንም ከቅርጫት ፈልጌ አወጣኋትና ሞከርኳት። እሷም ጮኸች። ምንም አልነበረባትም።

ያኔ ነው ነገሩ የበራልኝ። ስዊቿ 97 ትጠብቃለች፣ ውሃው ግን 92 ላይ ፈልቶ ይወጣል። እንዳይፈላ አፍኖ መያዝ የነበረበት ማነው? የራዲያተሩ ክዳን። መክደኛ ብቻ ይመስለናል፣ ግን ውስጡ ስፕሪንግና ጎማ አለው። የእኔ ላይ 1.1 ተጽፎበታል፣ የሚችለው ግፊት ነው። ያን ያህል ከታፈነ አዲስ አበባ ላይ ተራ ውሃ እንኳ ከ115 ዲግሪ በፊት አይፈላም። ገልብጬ ሳየው ጎማው እንደ ከረመ ቂጣ ተሰነጣጥቋል፣ በጥፍሬ ስነካው ተፈረፈረ። ምልክቱም ፊት ለፊቴ ነበር፤ መጠባበቂያው ሞልቶ ይፈሳል፣ ራዲያተሩ ግን ጎድሎ ይገኛል። ጤነኛ ክዳን ሞተሩ ሲበርድ የወጣውን መልሶ ይስባል። (ይህን ሁሉ የምታዩት ሞተሩ በርዶ ነው። እኔ አንድ ቀን ቸኩዬ በጨርቅ ይዤ ከፈትኩት፣ ክንዴ ላይ ምልክቱ አለ።)

አዲስ ክዳን አሰርኩና እንጦጦ ወጣሁ። አይሱዙውም አልቀረም፣ ከፊቴ ጥቁር ጭሱን እየለቀቀ። ጌጁ ከመሃል ትንሽ አለፈ። ከዚያ በግራ ጉልበቴ በኩል ሽው አለ፣ ፋኑ። ከገዛኋት ጀምሮ በራሱ ሲነሳ የሰማሁት ያን ቀን ነው።

እግረ መንገዴን ውስጧንም አጠብኩ። የቧንቧ ውሃ ሲሞላባት ኖሯል መሰለኝ፣ የወጣው የሻይ ቀለም ያለው ዝቃጭ ነው። አሁን ለአሉሚኒየም የሚሆን ኩላንት (የማቀዝቀዣ ፈሳሽ) ከተጣራ ውሃ ጋር እኩል በእኩል ደባልቄ እሞላለሁ፣ በየሁለት ዓመቱም እቀይራለሁ። የተጣራ ውሃ ስትገዙ "የባትሪ ውሃ" ብላችሁ ብቻ አትለፉ፣ አሲድ የሚሰጣችሁ አለ። ስትሞሉ ደግሞ አየር እንዳይቀር ሞተሩን አስነስታችሁ ግራና ቀኝ አዘንብሏት፣ ቱቦዎቹን ጨመቅ ጨመቅ አድርጉ። የራዲያተሩን ስስ ክንፎች ላቫጆ ነው ያጎበጠብኝ፣ በኃይለኛ ውሃ። አንድ ቅዳሜ ሙሉ በወረንጦ ሳቃና ዋልኩ። የወጣውን አሮጌ ኩላንት ግቢ አትድፉት፤ ይጣፍጣል፣ መርዝ ነው፣ ውሻ ይልሰዋል።

አሁን የምከታተለው ከውሃ ፓምፑ ሥር ያለችውን ትንሽ ቀዳዳ ነው። ከእሷ ኩላንት ከተንጠባጠበ የፓምፑ “ሲል” (ፈሳሹ እንዳያመልጥ የሚይዘው ማሸጊያ) አልቋል ማለት ነው። ባለፈው ወር ጠብ ማለት ጀመረች፣ እኔም ሲል ፍለጋ ሶማሌ ተራ ሄድኩ። ሻጩ ከሩቅ አየኝና ለጎረቤቱ በክርኑ ምልክት ሰጠው።

"እህ፣ ዛሬስ ምን ቀቅለህ መጣህ?"