ሬይድ ስትሠሩ ምትክ ዲስኩን በጥርጣሬ ግዙ

ሬይድ ማለት ብዙ ዲስኮችን እንደ አንድ አሠርቶ አንዱ ቢሞት ፋይሉ እንዳይጠፋ ማድረግ ነው። መሥራቱ ከባድ አይደለም። ጣጣው የሚመጣው አንዱ ዲስክ ሞቶ ሌላ ሲተካ ነው። ይህን አስቀድሞ የነገረኝ ሰው ስላልነበረ እኔ ልጻፈው።

የሠራሁት ለቪዲዮ ማስቀመጫ ነው፦ አራት ባለ 4 ቴራባይት ዲስክ፣ ዴቢያን ሊኑክስ እና ኤምዲአድም (በሊኑክስ ላይ ሬይድ የሚሠራ ፕሮግራም)። ብዙ መመሪያ ለአራት ዲስክ ሬይድ 5 (አንድ ዲስክ ቢሞት ብቻ የሚችለው) ይበቃል ይላል፤ 12 ቴራባይት ስለሚሰጥ ያጓጓል። እኔ አልስማማም። ሬይድ 6 የሚሰጠው 8 ቴራባይት ብቻ ቢሆንም ሁለት ዲስክ ቢሞት እንኳ ፋይሉ አለ። ምትኩ እየተሞላ ሳለ የቀሩት ሦስቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይነበባሉ፤ ያረጀ ዲስክ ደግሞ ጉዱ የሚወጣው እንዲህ ሲጨናነቅ ነው።

አሠራሩ አጭር ነው። እያንዳንዱን ዲስክ በጂፒቲ (የዲስክ አከፋፈል ሠንጠረዥ) ከፋፍዬ መጨረሻው ላይ 100 ሜጋባይት ባዶ ተውኩ፤ ነገ የሚተካው ዲስክ መጠኑ ትንሽ ቢጎድል እንኳ እንዲገባ። ሬይዱን ፈጠርኩ፣ በኤክስት4 (የሊኑክስ የፋይል ሥርዓት) ፎርማት አደረግኩት፣ መግለጫውን በኤምዲአድም ማዋቀሪያ ፋይል ላይ ጽፌ ኢኒትራምኤፍኤስን (ማሽኑ ሲነሳ መጀመሪያ የሚጫነውን ጥቅል) አደስኩ። ይህች የመጨረሻዋ ከተረሳች ማሽኑ ሲነሳ የሬይዱ ስም ኤምዲ0 የነበረው ኤምዲ127 ሆኖ ሊመጣ ይችላል። የየዲስኩን ሲሪያል ቁጥር በፕላስተር ላይ ጽፌ ከመሳቢያው ፊት ለጠፍኩ። ሊኑክስ ለዲስኮቹ የሚሰጣቸው ኤስዲቢ፣ ኤስዲሲ የሚሉት ስሞች ማሽኑ ተዘግቶ ሲነሳ ሊቀያየሩ ስለሚችሉ፣ በእነሱ ተማምኖ ዲስክ የሚነቅል ሰው ጤነኛውን ሊነቅል ይችላል።

ወደ ችግሩ እንምጣ። አንዱ ዲስክ ሞተና ምትክ ገዛሁ። ሻጩ «ያው 4 ቴራ ነው» አለ፤ ካርቶኑም ከመጠኑ በቀር የሚረባ ነገር አልተጻፈበትም። ሬይዱ አዲሱን ዲስክ መሙላት ሲጀምር በሰከንድ 150 ሜጋባይት ይሄድ ነበር። ከዚያ ወደ 5 ሜጋባይት ወረደ። በዚህ አካሄድ 4 ቴራባይት ከዘጠኝ ቀን በላይ ይፈጃል። ቀጥሎ ከርነሉ (የሊኑክስ እምብርት) «ዲስኩ አልመለሰልኝም» እያለ ደጋግሞ ሪሴት አደረገው፤ በመጨረሻ ሬይዱ ብልሹ ነው ብሎ አስወጣው። ዲስኩ ግን ምንም አልሆነም ነበር።

ነገሩ ኤስኤምአር የሚባለው አጻጻፍ ነው። የዲስኩ መስመሮች እንደ ጣሪያ ቆርቆሮ ተደራርበው ስለሚጻፉ አንዱን ለመቀየር አጠገቡ ያሉትንም እንደገና መጻፍ ግድ ይላል። ዲስኩ መጀመሪያ የሚጽፈው በትንሽ ፈጣን ቦታ ላይ ነው፤ ስለዚህ ሲጀምር ደህና ይመስላል። ያ ቦታ ሲሞላ ግን ውስጥ ውስጡን ሲያስተካክል ዝም ይላል። ሊኑክስ በተለመደው አቀማመጡ መልስ የሚጠብቀው 30 ሰከንድ ነው፤ ዝምታው ከዚያ ካለፈ ዲስኩ ተበላሽቷል ይላል። እ.ኤ.አ. በ2020 ዌስተርን ዲጂታል፣ ሲጌትና ቶሺባ አንዳንድ ዲስኮቻቸው እንዲህ እንደሚሠሩ ያሳወቁት ተጠቃሚዎች ደርሰውበት ከጮኹ በኋላ ነው። ይህ አሁንም ያናድደኛል፤ ሰው ገንዘቡን ከፍሎ የሚገዛው ነገር ምን እንደሆነ ካርቶኑ ላይ ሊነበብ ይገባል።

ስለዚህ «መጠኑ እኩል ወይም የበለጠ ከሆነ ይበቃል» የሚለውን መመሪያ አትመኑ። ከመክፈላችሁ በፊት ሙሉውን የሞዴል ቁጥር ከአምራቹ ዝርዝር ጋር አስተያዩና ሲኤምአር (መስመሮቹ ሳይደራረቡ የሚጻፉበት) የሚል ብቻ ግዙ። በስማርትሲቲኤል (የዲስክን ሁኔታ በሚያሳይ ፕሮግራም) ስታዩት የሚሽከረከር ዲስክ «ትሪም» (የማያስፈልግ ቦታን የሚያሳውቅ ትእዛዝ) እቀበላለሁ ካለ ኤስኤምአር መሆኑን ጠርጥሩ። አልቀበልም ማለቱ ግን ነፃ አያወጣውም።

ሲኤምአር ዲስክም ቢሆን የጊዜ ገደቡ መስተካከል አለበት። የተበላሸ ቦታ ሲያጋጥመው በ7 ሰከንድ ውስጥ ተስፋ እንዲቆርጥ ኤስሲቲ ኢአርሲ የሚባለውን የዲስኩን የጊዜ ገደብ 70 ላይ አድርጉት፤ ቁጥሩ የሚቆጠረው በአሥረኛ ሰከንድ ነው። ይህን የማይቀበል ዲስክ ከሆነ የከርነሉን ትዕግሥት ወደ 180 ሰከንድ ከፍ አድርጉ። ሁለቱም ማሽኑ ሲጠፋ ስለሚረሱ ሲነሳ በሚሠራ ስክሪፕት ውስጥ አስገቧቸው። መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር ደግሞ ያለ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ማሽኑን የሚያቆይ ባትሪ) ምትክ መሙላት አትጀምሩ። ባክአፑም ሌላ ማሽን ላይ ይሁን፤ በስህተት የተሰረዘ ፋይል ከአራቱም ዲስክ ላይ እኩል ነው የሚጠፋው።

ትርፍ ዲስኩን አሁኑኑ፣ ሁሉም ጤነኛ ሳሉ ግዙት። ሬይድ ውስጥ ሳይገባ የስማርትን (ዲስኩ ራሱን የሚመረምርበትን ሥርዓት) ረጅም ፍተሻ ይለፍ፤ ለ4 ቴራባይት ስምንት ሰዓት ገደማ ይወስዳል። ሻጩ «ፍተሻውን ካላለፈ እመልሳለሁ» ብሎ ደረሰኙ ላይ ካልጻፈላችሁ ሌላ ሱቅ ሂዱ።